ሰባት ቁጥር በካልሲ

«ቦት ጫማሽን አውልቂ» አሉ የውድድሩ አስተናባሪ ወይዘሮ ኔልዳ፣ የካርቶን ሣጥኑን ወደ ዊላ እየገፉ። «ሳልነግርሽ ማድረግ ነበረብሽ። ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

ዊላ ደንቡን ታውቀዋለች። ሦስቱ ዳኞች ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጎን ባለው ቤተ መጻሕፍት በር ዘግተው ተቀምጠዋል። የተወዳዳሪ ስም አይነገራቸውም፤ ቁጥሩን ብቻ ሰምተው፣ ከድምፅ ማጉያው በሚወጣው ጊታር ይፈርዳሉ። መድረክ ላይ ማውራት፣ ማንጎራጎር፣ ሆን ብሎ ማሳል ክልክል ነው። እግርም ቢሆን አይታመንም። በዚህ የአሜሪካ የኬንታኪ ግዛት ጥግ የማይተዋወቅ ሰው ስለሌለ፣ ወለሉ ሲመታ ሰምቶ «ይሄ የእገሌ ልጅ ነው» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ስለዚህ ተወዳዳሪ ሁሉ ቦቱን ሣጥን ውስጥ ጥሎ በካልሲ ይወጣል።

የዊላ ካልሲ ላይ ቢጫ ጫጩቶች አሉ። ይህን አስቀድማ አስባበት ቢሆን ኖሮ ሌላ ታደርግ ነበር።

«ጫጩቶችሽ ያምራሉ» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ዴዝሪ። የዴዝሪ ካልሲ ደግሞ ተቀድዶ አውራ ጣቷ ብቅ ብሏል። ደረቷ ላይ ስድስት ቁጥር ተለጥፏል፣ የዊላ ላይ ሰባት። የተዋወቁት ዛሬ ጠዋት ነው። ዊላ አውራ ጣቷ ላይ የምታጠልቀው የፕላስቲክ የጊታር መምቻ ለሁለት ሲሰነጠቅባትና እንባዋ ሊመጣ ሲል፣ ዴዝሪ ከኪሷ ትርፍ አውጥታ ሰጠቻት። ለባላንጣ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ዊላ አይታ አታውቅም።

ውድድሩ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ ከሬዲዮ የሚያውቀውን አንድ የድሮ የፖፕ ዘፈን፣ በአገሩ አጨዋወት፣ በጊታር ብቻ መጫወት ነው። አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች እየመታ ይራመዳል፣ ሌሎቹ ጣቶች ይዘፍናሉ። ግጥሙን የሚዘፍን የለም፤ አድማጩ ግን ቃሉን መስማት አለበት። አንደኛ የሚወጣው ክረምቱን የሙዚቃ ከተማ ወደሆነችው ናሽቪል ሄዶ በጊታር ትምህርት ቤት በነፃ ይማራል። ዊላ ይህን ክረምት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኘው ኖራለች።

ኮርቢን፣ የአጎቷ ልጅ፣ በአንድ እጁ የተጠበሰ በግ የታጨቀበት ዳቦ ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። አፉ ሙሉ ነው፣ ዓይኑ ግን ይስቃል።

«ወዲህ ነይ» አላት። ጥግ ወሰዳትና ድምፁን ቀነሰ። «አንዱ ዳኛ ኩላሊቱን አሞት ሆስፒታል ገባ። በእሱ ቦታ ማን እንደገባ ገምቺ።»

«ኮርቢን፣ አሁን የመገመቻ ሰዓት አይደለም።»

«ጋሽ ቨርጂል። በኋላ በር ሲገቡ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ኮፍያቸውንም ፒካፕ መኪናቸውንም አውቃለሁ።»

ዊላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አቅጣጫ ዞረች።

ጋሽ ቨርጂል የአያቷ የኦቲስ የሕይወት ዘመን ጓደኛ ናቸው። ሁለቱ በየቤተ ክርስቲያኑ ግብዣና በየፀጉር አስተካካዩ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ጊታር ሲጫወቱ አርጅተዋል። አባባ ኦቲስ በከሰል ማዕድን ውስጥ ሲሠሩ ከጣሪያው የወረደ ድንጋይ የቀኝ እጃቸውን የቀለበት ጣት ግማሹን ወሰደባቸው። ዛሬ ዊላ የምትጫወተውን የሬዲዮ ዘፈን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በአዝማቹ መካከል፣ ዘፋኟ ድምፅዋን ከፍ የምታደርግበት ቦታ ላይ አንዲት ቀጭን ኖታ አለች። ያቺን ኖታ የሚመታው የቀለበት ጣት ነው። አባባ ያ ጣት ስላልነበራቸው ቦታውን ባዶ ትተው በአውራ ጣታቸው ብቻ ያልፉት ነበር። ዊላ ዘፈኑን ስትማር ክፍተቱንም አብራ ተማረችው። የራሷ ጣት ሙሉ ሆኖ ሳለ ለዓመታት አንድም ቀን እዚያ ቦታ ላይ አሳርፋው አታውቅም።

ባለፈው መኸር በአባባ ቀብር ዕለት ጋሽ ቨርጂል እጇን ይዘው «የትም ብትጫወቺ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በዚያች ክፍተት አውቅሻለሁ» ብለዋት ነበር። እያለቀሱ ነው ያሏት።

«ያውቁኛል» አለች ዊላ።

«እኔስ ምን እያልኩሽ ነው? እንደ ሁልጊዜው ተጫወቺ፣ በቃ። ማንም ምንም አላለሽም፣ አንቺም ምንም አላጠፋሽም።»

«ለዳኛ ምልክት መስጠት ክልክል ነው።»

«ምልክት? ዘፈኑ እኮ ነው ባክሽ። አባባ እንደዚህ ነው የተጫወቱት። ልትቀይሪው ነው እንዴ? እንዳታካብጂ።»

የከፋው ነገር ኮርቢን ልክ መሆኑ ነበር። መተዋወቅ ክልክል አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ በዚህ አውራጃ ዳኛ የሚሆን ሰው ባልተገኘ። ትናንት ክፍተቷ ዘፈኑ ነበረች። አሁን ግን ዊላ ማን እንደሚሰማት አውቃለች፣ ያወቀችውን ደግሞ መልሳ አለማወቅ አትችልም። በኮርቢን ተናደደች። አፉን በዳቦው ሞልቶ ዝም ቢል ምን ነበረበት?

«ስድስት ቁጥር» አለ የመድረክ መሪው።

ዴዝሪ ተነሣች። ስታልፍ የዊላን ትከሻ ነካ አደረገቻትና በተቀደደ ካልሲዋ ወጣች።

ዊላ በመጋረጃው ስንጥቅ አየቻት። ዴዝሪ ዓይኗን ጨፍና ነው የጀመረችው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ፊት ረድፍ ያሉት እናቶች ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ማንም ድምፅ አላወጣም፣ ሁሉም ግን ቃሉን እያለው ነው። የዴዝሪ አባት በሩ አጠገብ ቆሞ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ዊላ ቀናች። ደግሞም ወደደችው፤ ሁለቱም ስሜቶች እኩል መጡባት።

«ሰባት ቁጥር።»

ወለሉ በካልሲው ውስጥ ይቀዘቅዛል። ተቀመጠች፣ ጊታሩን አቀፈች፣ የዴዝሪን መምቻ አውራ ጣቷ ላይ አጠበቀች። የቤተ መጻሕፍቱ በር ከግራዋ ይታያታል። ከበሩ ወዲያ ጋሽ ቨርጂል አንገታቸውን ደፍተው እየጠበቁ እንደሆነ ታውቃለች።

ጀመረች። አውራ ጣቷ ሳይቸኩል ተራመደ። የመጀመሪያው ስንኝ ጥሩ ሄደ፣ ሁለተኛውም። አዝማቹ እየቀረበ መጣ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አለች በልቧ። አንዲት ባዶ ቦታ፣ ናሽቪልም የእኔ ነው። እናቴ ታለቅሳለች፣ የአባባም አጨዋወት ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይሰማል። ኖታዋን ከመታሁ ግን አባባን ከዘፈኑ በእጄ ማውጣቴ ነው። ደግሞ ብስትስ?

ቦታው ደረሰ። የዴዝሪ አባት ኮፍያ ታያት።

የቀለበት ጣቷ ወረደ። ኖታዋ ዘግየት ብላ፣ ቀጥና ወጣች፤ ዊላ ራሷ ደነገጠች። ሁለተኛው አዝማች ላይ በሰዓቷ መጣች። በሦስተኛው ላይ ጠርታ አዳራሹን ሞላችው፣ ፊት ረድፍ ላይም የአንዲት ሴት ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ዊላ ግን ስትጨርስ የተሰማት ደስታ አልነበረም። አንድ ሰው ቤት ውስጥ ትታ በር የቆለፈች መሰላት።

ውጤቱ ብዙ አልቆየም። ስድስት ቁጥር አንደኛ፣ ሰባት ቁጥር ሁለተኛ። ዴዝሪ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ዊላ አጨበጨበች፤ ሌላው ሰው ሲያቆምም እሷ አላቆመችም።

«የመጀመሪያዋን አበላሸሻት» አለ ኮርቢን። «በዚያች ኖታ ነው የተበለጥሽው። በገዛ እጅሽ።»

«አውቃለሁ። ቦቴን አምጣልኝ።»

እሱ ሣጥኑን ፍለጋ እንደሄደ የቤተ መጻሕፍቱ በር ተከፈተ። ጋሽ ቨርጂል ወጡ፣ አዩዋት፣ ፊታቸውም ወደቀ።

«ዊላዬ፣ ለምን ሳትወዳደሪ ቀረሽ?» አሏት። «እስከ መጨረሻው ቁጥር ድረስ ጠበቅሁሽ። አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች እያልኩ።»

የእሳቸው ዓይን ወደ ጫጩቶቹ ወረደ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ደረቷ ላይ ወዳለው ቁጥር ወጣ።

«ሰባት» አሉ። ግድግዳውን ያዝ አደረጉ። «እኔ መሆኔን አውቀሽ ነበር?»

«ልገባ ስል ነው የሰማሁት።»

«ነጥቤን ለስድስት ቁጥር ነው የሰጠሁት።»

«ከእኔ ትሻላለች፣ ጋሼ።»

«ዛሬ አዎ፣ በትንሹ። ግን እውነቱን ልንገርሽ። ክፍተቷን ብሰማ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። እንኳን አልሰማሁ።» መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «አየሽ፣ ይሄ ዘፈን በሬዲዮ የወጣ ሰሞን የኦቲስ ጣት ገና ሙሉ ነበር። ያቺን ኖታ ይመታት ነበር፣ ልክ እንዳንቺ። ረስቼው ኖሯል። ሰባት ቁጥር ሲጫወት ኦቲስ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኖ ፊቴ ድቅን አለብኝ። ምን ነካኝ አልኩ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።»

ዊላ አሁን ነው ያለቀሰችው። እሳቸውም አላባበሏት፣ አጠገቧ ቆሙ እንጂ።

ኮርቢን ቦቱን ይዞ ሲመጣ ሦስቱም ወደ ግቢው ወጡ። የበጉ ጥብስ ጢስ ዛፎቹ ሥር ተኝቷል። ጋሽ ቨርጂል የፒካፓቸውን የኋላ መዝጊያ አወረዱና እንድትቀመጥ በእጃቸው መቱላት።

«በይ እስቲ፣ አሁን ዳኛ የለም» አሉ። «እንደፈለግሽ ተጫወቺልኝ።»

ዊላ አስቀድማ ቦቷን አጠለቀች፣ አንዱን ከዚያም ሌላውን። ጊታሩን አቅፋ በተረከዟ የመኪናውን ብረት እየመታች ጀመረች። አዝማቹ ላይ ስትደርስ የቀለበት ጣቷ ክሩን ሊነካ ወረደ። ሊነካው ሲል አነሣችው፣ ቦታውንም ለአባባ ተወችላቸው።