ሁለተኛዋ ጉርሻ

ጓንቱ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

ፈይሩዛ ዘመናይን ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። የጓንቱ አንድ ጣት በዱቄት ተሞልቶ ተቋጥሯል። ዘመናይ ከጋዋኗ ሥር ሸጎጠችው። በዚህ የአሰላ አልሚ ምግብ ፋብሪካ ላቦራቶሪ የምታጸዳ ሴት ናት፤ ለላኳት ሰላዮች ግን የምስጢር ስሟ «ሰንሰል» ነው።

«እሱ ነው?»

«እሱ ራሱ። ሦስተኛው ፕሮቲን» አለች ፈይሩዛ፤ የላቦራቶሪው ባለሙያ፣ የሰንሰል የውስጥ ሰው።

ዶክተር ይበልጣል በኮምፒውተር ነድፎ በእርሾ ያመረተው ፕሮቲን ነው። ለሙከራ ከቀመሱት አንዳንዶቹ ሲደግሙት ጉሮሯቸው አብጦ ተዘጋ። የፈይሩዛም ከንፈር በመጀመሪያው ቅምሻ አብጦ ነበር። ዶክተሩ ነገሩን አዳፈነው። ዱቄቱ ነገ በጮሌ ወረዳ ላሉ እርጉዞች ሊታደል ነው። ናሙናው ካልወጣ የሚያስቆመው የለም።

በሩ ተከፈተ።

ይበልጣል። ጩኮ የሞላ ሳህን ይዟል፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት።

«ምርታችንን እናክብር እንጂ! ሦስተኛውን ቀላቅዬበታለሁ።» ፈገግ አለ። «ዘመናይ፣ እስቲ ጓደኛሽን አጉርሻት።»

የፈይሩዛን ሥራ ደርሶበታል።

ዘመናይ እምቢ ብትል ሁለቱም ያልቃሉ፤ ናሙናውም እዚሁ ይቀራል። ፈይሩዛ ፊቷ አመድ መስሏል። ናሙናው የተሸጎጠበትን ጋዋን አየች፤ ከዚያ ዘመናይን።

«አጉርሺኝ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» ብላ አፏን ከፈተች።

አጎረሰቻት።

ብዙ አልቆየም። ፈይሩዛ አንገቷን ያዘች፤ ትንፋሿ ሲር ሲር ይል ጀመር። ነፍሷን የሚመልሰው መርፌ በዶክተሩ ደረት ኪስ ብቅ ብሎ ይታያል። አረመኔው አልነካውም።

«አንድ ብቻማ ነውር ነው» አለ። «ድገሚላት።»

ደገመችላት።

ያን ጊዜ የገዛ እጇን ቆርጣ ብትጥለው በወደደች። ፈይሩዛ ወለሉ ላይ ተንፈራግጣ ዝም አለች።

«አንቺስ ጨዋ ነሽ» አለ ይበልጣል። «ባልዲሽን አንሺና ሂጂ።»

መናኸሪያው ጋ አለቃዋ «ካስማ» መኪና ውስጥ ይጠብቃታል።

«ዕቃው?»

«ይኸው። ፈይሩዛን ገደሏት።»

«አውቃለሁ።»

«ከየት አወቅህ?»

ካስማ መስኮቱን ዘጋ። «ዶክተሩ ከውስጥ ሰው እንዳለን ጠርጥሮ ነበር። አንድ ስም በሰው በኩል አቀበልነው። ያንቺ ወይ የሷ መሆን ነበረበት።»

«እናንተ ናችሁ?»

«አንቺ ገና ትፈለጊያለሽ።»

ፊቱ ላይ ተፋችበት። በመሐረብ ጠርጎ ስልኩን አነሳ፤ «ናሙናው በእጃችን ነው። ዱቄቱን የጫኑትን መኪኖች አግዱ» አለ። ከዚያ አዲስ መታወቂያ ሰጣት። «ከአሁን ወዲያ ስምሽ ተሻለች ነው። አቦምሳ ትገቢያለሽ።»

ጮሌ ዳነች። ለዚህ ነበር የተላከችው። ደስታ ግን አልተሰማትም።

ከመኪናው እንደወረደች አንዲት ሻሽ ያሰሩ እናት መንገዷ ላይ ቆሙ። ከሁሩታ ሚኒባስ ገና መውረዳቸው ነው።

«ልጄ፣ የአልሚ ምግቡ ፋብሪካ በየት በኩል ነው? ፈይሩዛ የምትባል ልጄ እዚያ ትሠራለች። ልትቀበለኝ ነበር፤ ዋላሂ፣ ስልክም አታነሳ።»

ዓይናቸው ቁርጥ የልጃቸው ነው። ካስማ ከመኪናው ውስጥ ያያታል።

«አላውቅም፣ እናቴ። ለአገሩ እንግዳ ነኝ» አለችና የአቦምሳው መኪና ውስጥ ገባች።