ያልተለካው ዝርዝር

ፕሮፌሰሩ የተገኙት ከማሽን ክፍሉ በር ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ነው። ቀኝ እጃቸው ወደ እጀታው እንደተዘረጋ ቀርቷል፤ መነጽራቸው ደረታቸው ሥር ተሰባብሯል። ማሽኖቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ዙሪያቸውን ያጉረመርማሉ። እሳት ለማጥፋት የተዘጋጀው ጋዝ ከጣሪያው ተለቆ የክፍሉን አየር ጠራርጎ አስወጥቶት ነበር። እሳት ግን አልነበረም።

መርማሪዋ አጠር ያለች፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ የማትገባበት ቀዳዳ የለም ለማለት። ከበሩ በላይ በውስጥ በኩል ያለውን ቀይ መብራት ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ መተላለፊያው ላይ ወዳለው የጋዝ መልቀቂያ ሄደች። የመሸፈኛው መስታወት ተሰብሯል።

«ይሄን ሰው ነው የተጫነው» አለች። «ማስጠንቀቂያ የለውም?»

«ሠላሳ ሰከንድ ደወል ይጮኻል፣ ቀዩ መብራትም ይበራል» አለ የክፍሉ ቴክኒሻን። አስከሬኑን ያገኘው እሱ ነው፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። «በሩ ከውስጥ ሁልጊዜ ይከፈታል። ጋሼ ግን ጆሯቸው ደካማ ነው። ጩኸቱ ስለሚረብሻቸው እዚህ ሲገቡ የመስሚያ መሣሪያቸውን ያወልቁታል። የሚተማመኑት በመብራቱ ነበር።»

«መብራቱስ?»

«አምፖሉ ላላ ተደርጓል። ባለፈው ሰኞ በጓንት የገጠምኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋትም ሞክሬው በርቷል፤ መዝገቡ ላይ ፈርሜአለሁ።»

የጋዙ መቆጣጠሪያ የተለቀቀበትን ሰዓት መዝግቦታል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሳምንቱ የተቋሙ የዕረፍት ሳምንት ስለነበር በዚያ ቀን በጥበቃው መዝገብ የሰፈሩት ከፕሮፌሰሩ ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ቴክኒሻኑ፣ የፕሮፌሰሩ ምክትልና ባለቤታቸው።

ምክትሉ መርማሪዋን የተቀበላት ተነሥቶ ወንበር ስቦላት ነው። ሸሚዙ ላይ አንዲት እጥፋት የለችም።

«ሥራችሁን እንደማላውቅ ቆጥረው ያስረዱኝ። ደግሞም አላውቅም» አለችው።

«አንድ ሰው ለታመመች ሚስቱ ኩላሊቱን ሊሰጥ ይፈልጋል እንበል፤ አይስማማትም። ሌላ ቤትም እንዲሁ ያለ ችግር አለ። የዚህኛው ለዚያኛው፣ የዚያኛው ለዚህኛው ቢሰጥ ሁለቱም ይድናሉ። ሆስፒታሉ የእንደዚህ ያሉ ጥንዶችን ዝርዝር ይልክልናል፤ ማን ለማን ቢሰጥ ብዙ ሰው እንደሚተርፍ ማሽኑ ይፈልጋል። አንዳንዱን ዝርዝር ማሽኑ ዓመት ቢለፋ አይጨርሰውም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዝርዝር ክብደት እኔ አስቀድሜ እለካለሁ። ከመጠን በላይ የከበደው በፕሮፌሰሩ ፊርማ ይተዋል።»

«ዝርዝሩ ላይ ያሉት ሰዎችስ?»

ምክትሉ ትከሻውን ሰበቀ። «እኛ የምንሠራው ስሌት ነው።»

«ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ዘጠና ጥንድ ያለበት ዝርዝር ስድስት ሰዓት ላይ ጀምሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስኩ። መጀመሪያውና መጨረሻው ይኸው ተመዝግቧል። ፕሮግራሙ መንገድ ሲጠፋው ቆሞ ሰው ይጠይቃል፤ ካልመለሱለት ንቅንቅ አይልም። የዚህን የሚያህል ትልቅ ዝርዝር ደግሞ በየደቂቃው ይጠይቃል። ሽንት ቤት እንኳን አልሄድኩም።»

«ማሽን ክፍሉ ጋስ አልደረሱም?»

«በዚያ በር ካለፍኩ ወር ሆኖኛል።»

በማግስቱ ጠዋት የፕሮፌሰሩ ባለቤት በለቀስተኞች መካከል አልፋ መርማሪዋን ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባቻት። የባሏ የመስሚያ መሣሪያ እጇ ውስጥ ነው።

«ቤታችን ለቅሶ ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነው እህቴ፤ የዛሬ አይደለም» አለች። «ቁርስ ላይ ይሄን ያወልቅና ‹ይሰማሻል?› ይለኛል። ያለዚህ ነጎድጓድ የማይሰማ ሰው! ‹ምኑ?› ስለው ‹ሠላሳ አንድ ቁጥር፤ በር ላይ ቆማለች› ይላል። ሄጄ እከፍታለሁ። ማንም የለም። በኋላ በኋላ እኔም መስማት ጀመርኩ መሰለኝ፤ ሳይንኳኳ ተነሥቼ እከፍት ነበር።»

«ማን ናት ሠላሳ አንድ ቁጥር?»

ሴትየዋ መሣሪያውን ጨበጠችው። «የቴክኒሻኑ ሚስት። እሷ ያለችበት ዝርዝር ‹ከባድ ነው› ተብሎ ተተወ፤ አምና ሞተች። ‹ፊርማዬ ነው የገደላት› ይላል። ትናንት የመስሚያውን ባትሪ ላደርስለት ሄጄ ሁሉንም ለሆስፒታሉ ሊናገር እንደሆነ ነገረኝ። ስምህ ይጠፋል ብዬ ጮህኩበት። ‹ሙታኑን ተዋቸውና ከእኔ ጋር ኑር› አልኩት። መስሚያውን አውልቆ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን አልሰማኝም።»

መርማሪዋ ከዚያ በቀጥታ ወደ ማሽን ክፍሉ ተመለሰች። ቴክኒሻኑ አስከሬኑ የነበረበትን ቦታ እየዞረ ነው የሚሄደው፤ አሁንም ሰው የተኛበት ይመስል።

«ባለቤትዎ ሠላሳ አንድ ቁጥር ነበሩ» አለችው። «ለምን ደበቁኝ?»

«ያወቅኩት ጋሼ በሞቱበት ቀን ጠዋት ነው። ራሳቸው ነገሩኝ። እዚህ ቆመው ይቅርታ ጠየቁኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«ምንም። ጥያቸው ወጣሁ።» ባዶውን ወለል አየ። «መልሴን እየጠበቁ ሞቱ።»

 መርማሪዋ ወንበር ስባ ከማሽኑ ፊት ተቀመጠች። «ዝርዝሮቹን ማስኬድ ይችላሉ?»

«ጋሼ ሃያ ዓመት ሲያስኬዱ አይቻለሁ።»

«እንግዲያው የተተዉትን ሁሉ ያምጡልኝ። ያንን ባለ ዘጠናውንም።» እስከ ቀትር ድረስ ከክፍሉ አልወጡም። ሲወጡ ቴክኒሻኑ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት ደጋግሞ አነበበ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሦስቱንም ማሽን ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ገዳዩ የፕሮፌሰሩን ጆሮም መብራቱንም የሚያውቅ ሰው ነው። ሦስታችሁም ታውቃላችሁ» ብላ ጀመረች። «ቴክኒሻኑ ምክንያት ነበራቸው። ግን መግደል ያሰበ ሰው መብራቱ ደህና ነው ብሎ በዚያው ጠዋት በራሱ እጅ አይፈርምም። ዝም ቢሉ አምፖሉ ድሮም ላልቶ ነበር ይባል ነበር። የፕሮፌሰሩ ባለቤት ደግሞ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ወጥተዋል፤ ጥበቃው እያለቀሱ ሲሄዱ አይቷቸው ደቂቃውን ጽፎታል።»

«የቀረሁት እኔ ነኝ ማለት ነው» አለ ምክትሉ ፈገግ ብሎ። «የት እንደነበርኩ ግን ማሽኑ ይመሰክራል።»

«ማሽኑን ጠየቅኩት። ትናንት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያንኑ ዝርዝር በዚያው ፕሮግራም አስኬድኩት። ስንቴ የጠየቀኝ ይመስልዎታል?»

ምክትሉ የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ፤ መልሱን መርማሪዋ ራሷ ሰጠች።

«ሁለቴ። በአራት ደቂቃ አለቀ።»

«አይሆንም! ዘጠና ጥንድ ነው እኮ!»

«እኔም እንደርስዎ ትልቅ ስለሆነ ይከብዳል ብዬ ነበር። እኔ ያልተማርኩ ነኝ። ፕሮፌሰሩ ግን ዕድሜያቸውን የጨረሱት ይሄ ስህተት መሆኑን ሲያስረዱ ነው። ዘጠና ጥንድ ይኑርበት እንጂ አብዛኞቹ የሚስማማቸው ሰው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፤ ማሽኑ ብዙ የሚያማርጠው የለም። ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚነካካበት የሠላሳ ጥንድ ዝርዝር ግን ለሰዓታት አንቆ ያዘን። ክብደቱ የሚታወቀው አንድ በአንድ ሲለካ ነው። እርስዎ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳይመልሱ ተነሥተው ሄዱ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ማሽኑ እርስዎን ሲጠብቅ ነበር።»

ምክትሉ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ።

«ከዚህ የባሰው ሌላ ነው» ብላ ቀጠለች። «አንድ ጊዜ እንኳን ለክተውት ቢሆን ይሄን ዝርዝር ለመሸፈኛ አይመርጡትም ነበር። ስለዚህ የመለካት ኃላፊነት ያለብዎት እርስዎ ለክተው አያውቁም። የተተዉት ዐሥራ አንድ ዝርዝሮች ላይ የጻፏቸው የክብደት ቁጥሮች ዝርዝሩ በረዘመ መጠን አብረው ይጨምራሉ፤ ርዝመቱን አይተው ነው የፈጠሯቸው። ፕሮፌሰሩ አምነውዎት ፈረሙ። ከሦስት ሳምንት በፊት ደረሱበት። የሠላሳ አንድ ቁጥርን ዝርዝር ስናስኬደው ...»

«ስድስት ደቂቃ» አለ ቴክኒሻኑ ከጥግ ሆኖ። «ስድስት ደቂቃ ነው የፈጀው። የሚሰጣት ሰው ነበራት።»

የፕሮፌሰሩ ባለቤት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ቢሮዬን ለቅቄ ብወጣስ?» አለ ምክትሉ፤ ፈገግታው ግን የለም። «ያ መግደሌን ያሳያል?»

«አምፖሉ ላይ የሁለት ጣቶች አሻራ አለ። ዛሬ ጠዋት ቢሮዎ ካለው ብርጭቆ ጋር ተመሳከረ፤ የእርስዎ ነው። ባለፈው ሰኞ የተገጠመ አዲስ አምፖል ነው፤ እርስዎ ደግሞ በዚህ በር ካለፉ ወር ሆኖዎታል።»

ምክትሉ ቀስ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ለማንም አልነበረም። «መጀመሪያ አንዱን ብቻ ነበር በግምት የጻፍኩት። ሰዓት አጥሮኝ። ማንም አልጠየቀኝም። ሁለተኛው ቀለለኝ። ፕሮፌሰሩ ሲያውቁ ‹ራስህ ተናገር፣ አንድ ቀን እሰጥሃለሁ› አሉኝ። ለምነውኝ ነበር እኮ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። የፕሮፌሰሩ ባለቤት ወደ ቴክኒሻኑ ቀረብ ብላ አንድ ነገር ልትለው ፈለገች፤ እሱ ግን ቀደማት።

«እትዬ፣ ከተተዉት መካከል ትናንት የተፈቱት ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሞተዋል። በሦስተኛው ላይ ያሉት አምስት ሰዎች ግን አሉ። ሆስፒታሉን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ዶክተሮቹ መልሱን ተቀብለውታል፤ ‹ቤተሰቦቹን እናንተው ጥሯቸው› አሉኝ። እኔ ከትናንት ጀምሮ ስልኩን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ድምፄ አይወጣም።»

ሴትየዋ የስልክ ቁጥሮቹ ያሉበትን ወረቀት ከእጁ ወሰደች። መነጽሯን አደረገች። የመጀመሪያውን ቁጥር ደወለች፤ ሁለት ጊዜ ጠራ፣ ሦስት ጊዜ ጠራ። አንዲት የደከመች ሴት አነሣች።

«ሃሎ? ማን ልበል?»

«አታውቂኝም ልጄ» አለች የፕሮፌሰሩ ባለቤት። «ተቀምጠሻል? ሰው ተገኝቶልሻል።»