ስልሳ አራት ቁጥር የማን ልጅ ነው?

ልጆቼ... አንድ ነገር ልንገራችሁ። ግን እስከ መጨረሻው ሳትሰሙኝ አትሳቁብኝ።

እኔ ተረት አላውቅም። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። አራት ልጆች አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ቀርቼ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ ዋሽቼ ምን ላተርፍ?

ይሄ ነገር በጨለማ የሆነ አይደለም። በጠራራ ቀን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ሙዚቃ እየተመታ...

እዚሁ እኛ ከተማ ነው። ሚኒሶታ፣ ሉንድቪል። ሀልቨርሰን ኮሌጅ ሜዳ ላይ።

ሀልቨርሰን ትንሽ ኮሌጅ ናት። ተማሪው ተጠራርቶ አንድ ሺህ አይሞላም። የፉትቦል ቡድኗ ደግሞ... ያ ሄልሜት አጥልቀው፣ እንቁላል የሚመስል ኳስ አቅፈው የሚላተሙት ጨዋታ... እውነቱን ልናገርና፣ አይረባም።

ግን የኛ ነው።

ባለቤቴ ቨርሊንና እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጨዋታ አላመለጠንም። በዝናብም፣ በበረዶም። ከልጆቻችን አንዱም እንኳ እዚያ አልተጫወተም። "ታዲያ እናንተን ምን አገባችሁ?" ይሉናል። ምን ብዬ ልመልስ? ሰው የሚወደውን አስቦበት ይወዳል እንዴ?

እኔ አንድ ልማድ አለኝ። በር ላይ የተጫዋቾቹ ቁጥርና ስም የተጻፈበት ወረቀት ይሰጡናል። ጨዋታው ሳይጀመር ቁጭ ብዬ በየቁጥሩ እጸልያለሁ። "ጌታ ሆይ፣ የሁለት ቁጥርን ጉልበት ጠብቅልኝ። የሰባት ቁጥር እናት ታማለች፣ አስባት..." እያልኩ እስከ ታች። ስለዚህ ማን የትኛውን ቁጥር እንደለበሰ ከአሰልጣኙ እኩል አውቃለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ቨርሊን ሳንባውን ታመመ። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ አየና "እስከ ፋሲካ ከቆየህ ጥሩ ነው" አለው።

ቨርሊን ሳቀ።

"ዶክተር፣ የኛ ልጆች ሲያሸንፉ ሳላይ የትም አልሄድም!"

ሐኪሙም ደጋፊ ነው። ከት ብሎ ሳቀ። "እንዲያማ ከሆነ ሁላችንንም ቀብረህ ነው የምትሄደው!"

ያን ጊዜ ቡድናችን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም ነበር።

ቀልዱ ከተማውን አዳረሰ። ነዳጅ ማደያው ጋ ሰው ሲያገኘው "ቨርሊን፣ አለህ?" ይለዋል።

"ቅዳሜ ሲሸነፉ አላየህም? ምን ልሆን!" ይላል።

እኔ አልሳቅኩም። "አንተ ሰውዬ፣ በሞት አይቀለድም" አልኩት።

"ተይ እንጂ ማርሊስ፣ ከላይ ካለው ጋር ተስማምተናል።"

"ከላይ ካለው ጋር መሆኑን በምን አወቅክ?"

ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። የሚቀጥለውም ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። ቨርሊን አፍንጫው ላይ ቱቦ ሰክቶ፣ ባለ ጎማውን የኦክስጅን ሲሊንደር እየጎተተ... አለ። ልጆቹም ይሸነፋሉ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በተሸነፉ ቁጥር ደስ ይለኝ ጀመር።

ከዚያ ያለፈው ዓመት መስከረም መጣ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ነው። ዝናብ ዘንቦ ሜዳው ጨቅይቷል። በአርባ አንድ ነጥብ ልዩነት እየተመራን ነው። ቨርሊን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ማርሊስ... ያ ስልሳ አራት ቁጥር የማን ልጅ ነው?"

አየሁ። ተቀያሪዎቹ ከሚቀመጡበት አግዳሚ ጫፍ ላይ አንድ ልጅ ብቻውን ቆሟል። ሄልሜቱን አላወለቀም።

ወረቀቴን አየሁ። ስልሳ አንድ... ስልሳ ሦስት... ስልሳ ስድስት።

ስልሳ አራት የለም።

ጎናችን ዱዌን ነው የሚቀመጠው። ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ዕድሜ ልኩን የሰው አፍ ሲያስከፍት ኖሮ የራሱ መዘጋት አቅቶታል።

"ዱዌን፣ ስልሳ አራት ማነው?"

"የቱ ስልሳ አራት?"

"እዚያ ጫፍ ላይ የቆመው።"

አይኑን አጨንቁሮ አየ። "ማርሊስ፣ መነጽርሽን ለውጪ። እሱ እኮ የውሃ በርሜሉ ነው!"

እሱ ሳቀ። ቨርሊንና እኔ ግን ተያየን።

ልጆቹ ሁሉ ከእግር እስከ ራሳቸው ጭቃ ናቸው። የዚያ ልጅ ማልያ ግን... ነጭ። እንደታጠበ።

ደግሞ ሰው ሁሉ ጨዋታውን ሲያይ እሱ ለሜዳው ጀርባውን ሰጥቷል።

ወደኛ ነው የሚያየው።

በሚቀጥለው ጨዋታ በሃያ ስምንት ተሸነፍን። ልጁ ከጫፍ ተነስቶ ወደ መሀል ቀርቧል።

ከዚያ በአስራ አራት ተሸነፍን። አሰልጣኙ አጠገብ ደርሷል። ያን ቀን ከባድ ብርድ ነበር። ልጆቹ ሲያለከልኩ ከሄልሜታቸው ውስጥ እንፋሎት ይወጣል። እኔ ያን አንዱን ብቻ ነው የማየው... ጠበቅኩ... ጠበቅኩ...

ምንም አይወጣም።

ከዚያ በሦስት ነጥብ ብቻ ተሸነፍን።

ከተማው አበደ። በሦስት ነጥብ ተሸንፈን መኪናው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ነው የገባው! ዱዌን እጆቹን እያፋተገ "ዘንድሮ ነው! ቨርሊን ሆዬ፣ ሻንጣህን አዘጋጅ!" አለው።

ቨርሊን ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ። ሳሉ እስከ ቤት ድረስ አልቆመም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬ "ጌታ ሆይ፣ የመጨረሻውን ጨዋታ ይሸነፉ" ብዬ ጸለይኩ። ሐሙስ ሐሙስ ብስኩት ጋግሬ የማበላቸው ልጆች ናቸው እኮ። "እማማ" ነው የሚሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የመኪናውን ቁልፍ ደበቅኩ።

"ቁልፉ የት አለ?"

"ዛሬ እንቅር ቨርሊን። ብርዱ ይጎዳሃል።"

"ብርዱን ነው የምትፈሪው?"



ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየ። "እኔም አየዋለሁ እኮ" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?"

"ደክሞኛል፣ ማርሊስ።"

ቁልፉን ከዱቄቱ ጣሳ ውስጥ አውጥቼ ሰጠሁት። እስከዛሬ ያቺን እጄን እጠላታለሁ።

ሰባት ሰዓት ላይ ተጀመረ።

ልጁ ዳር ላይ የለም። እፎይ አልኩ... ከዚያ ሜዳውን አየሁ።

ገብቷል።

በዚህ ጨዋታ ከአንድ ወገን አስራ አንድ ሰው ነው የሚሰለፈው። አስራ ሁለተኛ ሰው ከገባ ጥፋት ነው፣ ዳኛው ያስቆማል። ጣቴን እየቀሰርኩ ቆጠርኩ። አስራ ሁለት። ደግሜ ቆጠርኩ። አስራ ሁለት!

ደረጃውን ወርጄ አጥሩ ጋ ደረስኩ። "ዳኛ! አስራ ሁለት ናቸው! ቁጠራቸው!" ብዬ ጮህኩ።

ዳኛው ጨዋ ሰው ነው። ቆጠረ። "አስራ አንድ ናቸው፣ እናቴ።"

"ድጋሚ ቁጠር!"

ከኋላዬ ሰው ሳቀ። ዱዌን ከላይ "ማርሊስ! ማንን ነው የምትደግፊው? ነይ ተቀመጪ፣ እንዳታስወጪን!" ይላል።

ስልሳ አራት ከሰልፉ መሀል ቀና ብሎ አየኝ። ሄልሜቱ ውስጥ... ፊቱ መኖር ያለበት ቦታ... ጥላ ብቻ ነው።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። የቨርሊንን እጅ ያዝኩ።

ሃያ ለአስራ ሰባት እየተመራን ነው። አስራ አንድ ሴኮንድ ቀርቷል።

"ጌታ ሆይ ይውደቅ... ኳሱ ከእጁ ይውደቅ..." እላለሁ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ።

"ተይ፣ ማርሊስ" አለኝ። "ልጆቹ ለፍተዋል።"

ኳሱ ተሰጠ። ሰው ሁሉ በኋላ ሃያ ሁለት ቁጥር ነው ይዞ የሮጠው አለ። እኔ ያየሁት ግን ያን ንጹህ ማልያ ነው። አይቸኩልም። እየተራመደ ነው። ሰዎቹ በላዩ ይወድቃሉ፣ እሱ ይራመዳል... የመጨረሻውን መስመር አለፈ። ስድስት ነጥብ።

አሸነፍን።

አራት ዓመት የታፈነ ጩኸት አንዴ ወጣ። የብረቱ መቀመጫ ከሥራችን ተንቀጠቀጠ። ሰው እያለቀሰ ወደ ሜዳ ይዘላል። ከበሮው... ጥሩምባው...

ዱዌን ዘሎ ቨርሊንን አቀፈው። "አሸነፍን ቨርሊን! አየህ? አሸነፍን እኮ!" እያለ ትከሻውን ይዞ ይወዘውዘዋል።

የቨርሊን ራስ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ይላል... እሺ፣ እሺ እንደሚል ሰው።

እጁ እጄ ውስጥ ነበር። እኔ ቀድሜ ነው ያወቅሁት።

"ዱዌን" አልኩት። "ልቀቀው።"

አልሰማኝም። ማንም አልሰማኝም።

ቀብሩ ላይ ልጆቹ ማልያቸውን ለብሰው ሳጥኑን ተሸከሙት። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወርደን እህል ቀመስን። ዱዌን አይኑ አብጦ ወደ እኔ መጣ። ሊያጽናናኝ ነው። ከማልቀስ መቀለድ የሚቀለው ሰው ነው።

"ማርሊስ፣ እሱስ አይቶ ሄደ" አለኝ። "አንቺ ደግሞ ልጆቹ ዋንጫ ሲበሉ ሳታይ የትም እንዳትሄጂ! ቃል ግቢልኝ።"

ሴቶቹ ሁሉ ፈገግ አሉ። "አሜን!" አለች አንዷ።

እኛ ሰፈር የሚያጽናናን ሰው ማሳፈር ነውር ነው። ሰው ይጠብቃል። በእጄ ዳቦ በሥጋ የያዘ ሳህን ይዣለሁ። ምን ላድርግ?

ፈገግ ብዬ... "እሺ" አልኩ።

ያቺ ቃል ከአፌ ስትወጣ ነው የገባኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ። ያለቀስኩ መስሏቸው አቀፉኝ።

ልጆቼ... ዘንድሮ ቡድኑ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም።

አንድም!

ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ሊያያቸው ሰው ይመጣል። እኔ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሄጄ አስራ ሁለት ቆጠርኩ፣ ከዚያ በኋላ አልረገጥኩም። ዱዌን "ሐዘን ነው" ይላል። ሴቷ ልጄ ጂል ደግሞ ደውላ "እማዬ፣ ለፍጻሜ ከደረሱ እኔ ነኝ የምወስድሽ። አባዬ ቢኖር ደስ ይለው ነበር" አለችኝ። ላስረዳት ሞከርኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "እንቅልፍ ትተኛለሽ ግን?" አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ለፍጻሜ የሚያልፉበት ጨዋታ ነበር። ሬዲዮኑን ነቀልኩ። በበረዶው ላይ ቀስ እያልኩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ማንም የለም። ፊት ለፊት፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ መጸለይ ጀመርኩ።

ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ የኋላው በር ተከፈተ።

የሰው ኮቴ አይደለም... ጥርስ ያለው የጨዋታ ጫማ ሲሚንቶ ላይ ሲሄድ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ?

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

አይቸኩልም።

ልክ ከኋላዬ ያለው ረድፍ ጋ ሲደርስ ቆመ። እንጨቱ ሲጢጥ አለ።

አልዞርኩም። "አባታችን ሆይ" እላለሁ፣ አፌ ይደርቃል፣ እንደገና እጀምራለሁ። አንገቴ ላይ ትንፋሽ እጠብቃለሁ። ትንፋሽ የለም።

ድንገት ከኮሌጁ በኩል የድል ደወል መደወል ጀመረ።

አልፈዋል።

ያኔ ዞርኩ።

ማንም አልነበረም። ግን መቀመጫው ላይ ያለው ቀይ ትራስ... መሀሉ ጎድጉዷል። ከባድ ሰው እንደተቀመጠበት። እያየሁት ጉድጓዱ ቀስ... ቀስ... እያለ ተመልሶ ሞላ።

ሰው ከተቀመጠበት ሲነሳ እንደሚሆነው።

ፍጻሜው የፊታችን ቅዳሜ ነው። ጂል ትኬት ገዝታልኛለች። ብሄድም ባልሄድም ለውጥ የለውም፣ እሱን አውቄዋለሁ።

ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ለአንዳቸውም ክፉ አልመኝም። ግን እኔ ብቻዬን ጸልዬ አልሆነልኝም።

እባካችሁ... ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የትም ብትሆኑ፣ እንዲሸነፉ ጸልዩልኝ።