የሀሚ አልጋ እና ዘፍ የሚለው ጣሪያ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሰነፍ ጣሪያ ነው።

ቡሬ የሚባል አሮጌ አውቶቡስ ነበር። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቡናማ ስለሆነ ነው ቡሬ የተባለው።

ከውጭ ሲያዩት መኪና ነው። ውስጡ ሲገቡ ግን ቤት ነው!

ቡታጋዝ አለ፤ ድስት አለ። «ጠጠጠጠጠ!» የሚል የስፌት መኪናም አለ።

በዚህ ቤት አራት ሰዎች ይኖራሉ። አባት ታረቀኝ፣ እናት ስመኝ፣ ስድስት ዓመት የሞላት ሀመልማል፣ እና ገና ሁለት ዓመቱ የሆነው ባሮክ።

ሀመልማልን ሁሉም ሰው «ሀሚ» ይላታል። እኛም ሀሚ እንበላት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቡሬ መንገድ ይጀምራል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነዋ! አባት ከከተማ ከተማ ይነዳል፤ እናት ለልጆች ዩኒፎርም ትሰፋለች።

ለመቂ ልጆች ሰማያዊ። ለዝዋይ ልጆች አረንጓዴ። ለሻሸመኔ ልጆች ቀይ።

የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እናት አትጥለውም። «ይሄማ ይጠቅማል!» ትልና ጆንያ ውስጥ ትከተዋለች።

ጆንያው አበጠ፣ አበጠ፣ አበጠና መተላለፊያውን ዘጋው።

አባት ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይደናቀፍበታል። «ኧረ ይሄ ጆንያ!» ይላል፣ የእግሩን ጣት እያሻሸ።

ቡሬ ውስጥ ሁለት አልጋ አለ። ታች ያለው ሰፊ ነው፤ ላይ ያለው ጠባብ ነው።

ላይ ያለው የሀሚ ነው። የሀሚ ብቻ!

በመሰላል ነው የሚወጣው። አጠገቡ ትንሽ መስኮት አለች፤ ቡሬ ሐይቅ ዳር ሲቆም ሀሚ ጋደም ብላ ሐይቁንም፣ ዛፍ ላይ የሚያንቀላፉትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎችንም ታይባታለች።

አንድ ቀን ጠዋት፣ በጳጉሜ፣ ቡሬ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ቆሞ ነበር። ሀሚ ዓይኗን ስትከፍት ሐይቁ የለም። መስኮቷም የለችም!

አፍንጫዋ ላይ ጨርቅ ተኝቶባታል።

«እማዬ! ጣሪያው ወደቀብኝ!»

አትደንግጡ፣ ልጆች። ከላይ ያለው ቆርቆሮ ደህና ነው። የወደቀው ከቆርቆሮው ስር የተለጠፈው ጨርቅ ነው፤ አርጅቶ ለቀቀና እንደ ጠገበ በግ ሆድ ተንዘረጠጠ።

ሀሚ በሁለት እጇ ወደ ላይ ገፋችው። ስትለቀው... ዘፍ!

በመጥረጊያ እንጨት ደገፈችው። ባሮክ መጣና መጥረጊያውን ይዞ ሄደ። ዘፍ!

አባት ቀና ብሎ አየና ራሱን አከከ። «በቃ፣ ሀሚ፣ ከእንግዲህ ታች ከእኛ ጋር ትተኛለሽ። ጆንያው ደግሞ ላይ ይወጣል።»

«አልጋዬ ላይ?!»

«ምን ይደረግ? ጣሪያው ቢወድቅበትም ጆንያ አፍንጫ የለው!»

ወይ ጣጣ! ታች መተኛት ማለት እኮ ከባሮክ ጋር መተኛት ማለት ነው። ባሮክ ደግሞ እንቅልፍ ሲወስደው ይራገጣል። ጧ! ጧ!

የሀሚ ዓይን እንባ ሞላ። «አባዬ፣ ጣሪያውን ብናስተካክለውስ?»

አባት ትንሽ አሰበ። «እሺ። እስከ ማታ ከተስተካከለ አልጋው ያንቺ ነው። ካልተስተካከለ ግን የጆንያው ነው።»

ሀሚ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ሥራ አለባታ!

መጀመሪያ የእናቷን ስፒል አመጣች። አንድ እዚህ ሰካች። አንድ እዚያ ሰካች። አንድ ደግሞ መሀል ላይ።

ጨርቁ ቆመ። አልወደቀም! «አያችሁ?» አለች ሀሚ።

አባት ቡሬን አስነሳና ወደ ገበያው ነዳ። መንገዱ ኮረኮንች ነው። ቡሬ ተንገጫገጨ። ገጭ! ገጭ! ገጭ!

ስፒሎቹ ጠብ! ጠብ! ጠብ! ጨርቁ... ዘፍ!

እናት ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከፍራሹ ላይ ለቀመች። «ስፒል ላይ ማን ይተኛል፣ ሀሚዬ? ይሄስ አይሆንም።»

ሀሚ ረጅም እንጨት ልትፈልግ ከቡሬ ወርዳ ሮጠች። ታዲያ የክረምት ጭቃ መች ያስሮጣል? አዳለጣትና... ዘጭ!

ጉልበቷ ተላጠ። አላለቀሰችም፤ ትንሽ ብቻ ነው ያለቀሰችው።

ፕላስተር አወጣችና ጉልበቷ ላይ ከነጭቃው ለጠፈችው። አንድ እርምጃ ስትራመድ ፕላስተሩ ወደቀ። ሌላ ለጠፈች። እሱም ወደቀ!

«ነይ ወዲህ» አለች እናት። ጉልበቷን በውኃ አጠበችላትና በንጹህ ጨርቅ አደረቀችው። «ጭቃ ላይ ምን ይያዝልሻል? መጀመሪያ ይጸዳል፣ ከዚያ ይለጠፋል!»

አዲስ ፕላስተር ለጠፈችላት። ሀሚ ዘለለች። ፕላስተሩ ንቅንቅ አላለም።

«ቆይ ቆይ፣ እኔ አውቃለሁ!» አለ አባት ከውስጥ። «አባቴ ቤት ጣሪያው አቡጀዲ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ዱቄት በውኃ እያፈላን እንለጥፈው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ወድቆ አያውቅም!»

ቡታጋዙ ላይ ድስት ጣደ። ዱቄቱን በውኃ በጠበጠና አማሰለ፣ አማሰለ። ቡልቅ! ቡልቅ! ወፍራም ሙጫ ሆነ።

ሀሚ ቀባች፣ አባት ለጠፈ። ልጥፍ! ልጥፍ! ልጥፍ!

ጣሪያው ተወጥሮ አማረበት። «ምን አልኩሽ?» አለ አባት፣ ደረቱን ነፍቶ።

ከዚያ ፀሐይ ወጣች። የቡሬ ቆርቆሮ ጋለ። ሙጫው ደረቀ፣ ተሰነጣጠቀ... እና አባት ምሳውን ሊጎርስ ሲል...

ዘፍ!

አሁን አባት አይታይም። ከጨርቁ ውስጥ ድምፁ ብቻ ይሰማል። «ማነው መብራት ያጠፋው?»

«ድገም! ድገም!» አለ ባሮክ፣ እያጨበጨበ።

የገበያው ዶሮዎች በበሩ ዘው ብለው ገቡ። የተፈረፈረውን ሙጫ ኮት! ኮት! ኮት! ለቀሙት። ለእነሱ ግብዣ ነው።

አባት ከጨርቁ ስር ወጣ። ፊቱ ዱቄት ሆኗል። «ለካ የአባቴ ቤት ዝም ብሎ የቆመ ቤት ነው» አለ። «አይንገጫገጭ፣ አይግል።»

ከዚያ ተንፍሶ ጆንያውን አቀፈ። «በይ፣ ሀሚ። ሞክረናል። ጆንያው ይውጣ።»

 ሀሚ መሰላሉ ላይ ቁጭ አለችና የወደቀውን ጨርቅ ጫፍ ያዘች።

ጠጋ አድርጋ አየችው። ገለበጠችው። ሙጫው ጨርቁ ላይ እንዳለ ነው፤ ሙጫው ላይ ደግሞ ቢጫ ዱቄት አለ።

ጣቷን ወደ ቆርቆሮው ሰደደችና ነካ አደረገችው። ብን! ቢጫ ዱቄት እንደ ሽሮ ዘነበባት።

ያ ቢጫ ነገር ድሮ ስፖንጅ ነበር። ከጨርቁ ጀርባ ተለጥፎ ኖሮ ኖሮ፣ አርጅቶ ዱቄት ሆኗል።

ሀሚ ዱቄቱን አየች። ጉልበቷን አየች። ፕላስተሩ አሁንም እንዳለ ነው።

«አባዬ፣ ቆይ! ጆንያውን አስቀምጠው!» ብላ ጮኸች። «ጣሪያው ቆሻሻ ነው! እኛ እኮ ጭቃ ላይ ነው የለጠፍነው!»

አባት አልገባውም። እናት ግን ሳቀች። «ልክ ነሽ፣ ልጄ። እስቲ ንገሪው፣ ምን ነበር ያልነው?»

«መጀመሪያ ይጸዳል፣ ከዚያ ይለጠፋል!»

አባት ጆንያውን ቁጭ አደረገ። «ይሄን ጠዋት አትነግሩኝም ነበር?»

ወደ ሥራ! አሮጌውን ጨርቅ ጎትተው አወረዱት። አፍንጫቸውን በሻርፕ ሸፈኑ።

አባት ጠፍጣፋ ብረት ያዘ፣ ሀሚ ማንኪያ ያዘች። ፍቅ! ፍቅ! ፍቅ!

ቢጫው ዱቄት ዘነበ። የሀሚ ፀጉር ቢጫ ሆነ፤ የአባት ጢም ቢጫ ሆነ።

«አሁን እንለጥፍ?» አለ አባት።

ሀሚ በጣቷ ነካችው። ጣቷ ቢጫ ሆነ። «ገና ነው። መጀመሪያ ይጸዳል!»

ፍቅ! ፍቅ! ፍቅ! በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት። ቆይተው በደረቅ ጨርቅ ጠረጉት።

ሀሚ እንደገና በጣቷ ነካችው። ጣቷ ንጹህ ነው!

«ከዚያ ይለጠፋል!» አሉ ሁሉም፣ ባሮክም ጭምር። እሱ እንኳን ያለው «ይጠፋል!» ነው።

ግን ምኑ ይለጠፍ? አሮጌው ጨርቅ በሙጫና በዶሮ እግር ተበላሽቷል። ውጭ ጭቃው ላይ ወድቋል።

አባት ጨርቅ ሊፈልግ ዘወር ሲል እግሩ ተደናቀፈ። «ኧረ ይሄ ጆንያ!»

ሀሚና እናቷ ተያዩ። «ጆንያው!» አሉ አብረው።

ዝርግፍ! ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ! ወለሉ ላይ ሙሉ ክምር ሆነ።

ሀሚ መረጠች፣ እናቷ ሰፋች። ጠጠጠጠጠ! ሰማያዊ ከአረንጓዴ፣ ጠጠጠጠጠ! አረንጓዴ ከቀይ።

ቁርጥራጩ ተገጣጥሞ ትልቅ ጨርቅ ሆነ። ጆንያው ግን ከሳ፣ ከሳ፣ ከሳና ጠፍጣፋ ሆነ።

አባት ገበያው ውስጥ ካለው ጫማ ሰፊ ማስቲሽ ይዞ መጣ። «ይሄ የጫማ ሶል የሚያጣብቅ ነው። ጨርቅማ አያቅተውም» አለ።

ማስቲሽ ይሸታል። ስለዚህ እናት በሩንም መስኮቱንም ከፈተች፤ ልጆቹም ከቡሬ ወርደው ዛፍ ስር ቆሙ።

አባት ቆርቆሮውን ቀባ። ጨርቁንም ቀባ።

«አባዬ፣ ቶሎ ለጥፈው!» አለች ሀሚ ከዛፉ ስር።

«ቀስ በይ፣ ትንሽ ጠፈፍ ይበል።» ሀሚ ጠበቀች። መጠበቅ ከሁሉም ከባዱ ሥራ ነው።

ከዚያ አባት በአንድ ጫፍ፣ እናት በሌላው ጫፍ ያዙና፣ ልጥፍ! ልጥፍ! ልጥፍ! በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

ሽታው እስኪወጣ ድረስ ቡሬ አፉን ከፍቶ አየር ሲቀበል ቆየ።

«አሁን ፈተና!» አለ አባት። መሪውን ያዘና ወደ ኮረኮንቹ ነዳ።

ገጭ! ገጭ! ገጭ! ድስቱ ተንኳኳ። ባሮክ ብድግ ቁጭ አለ።

ሀሚ ጣሪያውን እያየች ትንፋሿን ያዘች።

ዘፍ ይል ይሆን?

አላለም! አንድ ስንዝር እንኳ አልወረደም።

«ቆመ! ቆመ!» ሀሚ እናቷን አቀፈች፤ እናቷም ግንባሯን ሳመቻት። «አላልኳችሁም?» አለች እናት። «ቁርጥራጭ ይጠቅማል!»

ሲመሽ ቡሬ ሐይቁ ዳር ተመልሶ ቆመ። እራት ተበላ፤ ቢጫ ፀጉሮች ታጠቡ።

አባት በመተላለፊያው ሲሄድ እግሩን ከፍ አደረገ፣ ጆንያውን ሊሻገር። ምንም የለም!

«ጆንያው የት ሄደ?» አለ።

ሀሚ ባዶውን ጆንያ አጣጥፋ በር ላይ ዘርግታዋለች፤ የእግር መጥረጊያ ሆኗል። «ጨርቁ ግን እዚያ ነው» አለችና ወደ ጣሪያው ጠቆመች። «አልጋዬ ላይ ሊወጣ ፈልጎ አልነበር? ይኸው፣ ከአልጋዬም በላይ ወጣ!»

አባት ከት ብሎ ሳቀ። «በይ ውጪ፣ የኔ ባለሙያ። አልጋው ያንቺ ነው።»

ሀሚ መሰላሉን ወጣችና በጀርባዋ ተኛች። ከላይዋ የመቂ ሰማያዊ፣ የዝዋይ አረንጓዴ፣ የሻሸመኔ ቀይ አለ። በትንሿ መስኮት ሐይቁ ይታያል።

እጇን ዘርግታ ጣሪያውን ነካችው። ጉልበቷንም ነካችው። ሁለቱም ደህና ተለጥፈዋል።

ከታች «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። «ኧረ ይሄ ልጅ!» አለ አባት።

ሀሚ ፈገግ አለችና ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበች። ዓይኗም ቀስ ብሎ ተከደነ።

እናንተስ? እስቲ ቀና በሉና ጣሪያችሁን እዩት። አልወደቀም?

እንግዲያው ተኙ፣ የኔ ልጆች። ደህና እደሩ።