ጋሽ ሱልጣን ያረፉበት ማታ

እኔ በመንፈስ ቀርቶ በሕልምም የማላምን ሰው ነኝ፣ እህቴ «አንቺ እኮ ሰይጣን ቢመጣብሽ መጀመሪያ ትኩሳቱን ነው የምትለኪው» እያለች ትስቅብኛለች፣ እውነቷን ነው፣ ጥላ አየሁ የሚለኝን ሰው ሁሉ «እንቅልፍ አጥተህ ነው» ብዬ የምሸኝ ነርስ ነበርኩ። አሁን የምነግራችሁን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ እሱንም እንደዚያው እሸኘው ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ከነርስነት ትምህርት ከወጣሁ ገና ብዙ አልቆየሁም፣ ከቀራንዮ ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ ትንሽ ሆስፒታል እሠራለሁ። እዚያ ጋሽ ሱልጣን የሚባሉ የአስኮ ቆዳ ነጋዴ ተኝተው ነበር፣ ነቀርሳው አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸውን ሳይከድኑ ነው የሚያነጉት፣ ግን «እንዴት ዋሉ?» ስትሏቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ነው መልሳቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ እኛ አገር ግን ሰው የሚደብቀው ሸፍጥ ኖሮት አይደለም፣ ሰላምታ ሲሰጡት አጸፋውን መመለስ ስላለበት ነው፣ እኛ ነርሶቹ ደግሞ «ደህና ነኝ» ያለውን ሰው ደህና ነው ብለን እናልፋለን። እኔም ስንት ቀን አልፌያቸዋለሁ፣ በኋላ ነው አፋቸውን ትቼ የእግራቸውን ጣቶች ማየት የጀመርኩት። ሲያማቸው ጣቶቻቸው ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ ጣት ደግሞ ሰላምታ አያውቅም።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ ጣቶቻቸው ጭብጥ ብለው አገኘኋቸው። ሐኪሙ ከመሄዱ በፊት «እጅግ ካስፈለገ አንድ የሞርፊን መርፌ ስጫቸው፣ ግን ትንፋሻቸው ደካማ ነውና እንዳይቋረጥ ተጠንቀቂ» ብሎኛል፣ ሥልጣኑ የእኔ ነው፣ ፍርሃቱም የእኔ ነው። መርፌውን አዘጋጅቼ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሽ ሱልጣን፣ እንዴት ነዎት አልልዎትም፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አሳርፊኝ» አሉኝ።

ይህ ቃል እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ድካሙ የወጣለትም አረፈ ይባላል፣ የሞተም አረፈ ይባላል። እንቅልፍ ስጪኝ ነው ያሉኝ ወይስ ሌላ? ልጠይቃቸው ስል ከታች ካለው መስጊድ የመግሪብ፣ የጀምበር መጥለቂያው፣ አዛን ተሰማ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ የሚጸልዩ መስሎኝ መርፌውን እንደያዝኩ ጠበቅሁ።

ያኔ ነው የጫማዬን ድምፅ የሰማሁት። አዲስ የጎማ ሶል ጫማ ነበረኝ፣ ሲሚንቶው ላይ ሲጢጥ ሲጢጥ ስለሚል ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ነበር። እመኑኝ፣ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፣ እግሬ አልተንቀሳቀሰም፣ ድምፁ ግን ከአልጋው ጥግ ተነሥቶ በኮሪደሩ ወደ ውጪው በር ሄደ፣ ከኋላው ደግሞ እየተጎተተ የሚሄድ ባዶ እግር አለ፣ በሩም ቀስ ብሎ ተከፍቶ ተዘጋ። ነፋስ ነው አልኩ፣ ምን ልበል።

ወደ ጋሽ ሱልጣን ስዞር ጣቶቻቸው እንደተጨበጡ ናቸው። ብጠራቸው አልመለሱልኝም፣ ሰውነታቸው ግን ከሕመም ጋር ይታገላል፣ ከዚህ በላይ ማየት አልቻልኩም፣ መርፌውን ወጋኋቸው። ከጉልበታቸው ሥር ትራስ አደረግሁ፣ በግራ ጎናቸው አዙሬ ወገባቸውን አሸሁላቸው፣ እግራቸውን በሞቀ ውኃ አጠብኩ፣ መብራቱን በጨርቅ ጋረድኩ። ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ሲፈቱ አየሁ፣ ትንፋሻቸው ረዘመ፣ ደስ ብሎኝ «ይኸው አረፉ፣ ከእንግዲህ አያምዎትም» አልኳቸው። ይህንን ያልኩት በሹክሹክታ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

ከአልጋው አጠገብ ተነሥቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ፣ ገና እጄን ሳልታጠብ ከግቢው ዋይታ ሰማሁ። የጋሽ ሱልጣን ባለቤት እትዬ ዘይነባ ናቸው፣ ጎረቤት ተከትሏቸዋል፣ አንዱ ለመገነዣ ከፈን የሚሆን አቡጀዲ በብብቱ ይዟል። ገደልኳቸው ብዬ እየሮጥኩ ተመለስኩ፣ ጆሮዬን አፍንጫቸው ላይ ደቀንኩ፣ ይተነፍሳሉ፣ ለብ ያለ ደህና ትንፋሽ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

እትዬ ዘይነባ ገብተው የባላቸው ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ሲያዩ አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን በደልኩሽ ልጄ?»

«ማን ነው ሞቱ ያላችሁ?»

«አንቺ ነሻ! መግሪብ ሲል መጥተሽ፣ ‹ጋሽ ሱልጣን አረፉ፣ ከእንግዲህ አያማቸውም› ብለሽ አቅፈሽኝ።»

ጎረቤቶቹን አየኋቸው፣ አንዱ እንኳ «ሌላ ሰው ይሆናል» አላለም። ከአስኮ እዚህ በእግር አንድ ሰዓት አያንስም፣ በአዛን ሰዓት እኔ እዚያ ወንበር ላይ ነኝ፣ ቃሉ ደግሞ ገና ከአፌ አልወጣም ነበር። ያን ሁሉ ልነግራቸው ፈልጌ «ይቅርታ እትዬ» ብቻ አልኩ፣ ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ጋሽ ሱልጣን ሲነጋጋ ነቁ። ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት መስሏል፣ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ታውቁት የለ፣ እንደዚያ።

«ዘይነባ ብዙ አለቀሰች አይደል?» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ? ተኝተው ነበር እኮ።»

«እቤት ሄደን አልነበር እንዴ? አዛን ሲል እጄን ይዘሽ አስነሣሽኝ፣ ያን ሁሉ መንገድ ስንሄድ ምንም አላመመኝም። አንቺ ገብተሽ ነገርሻት፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ሳያት አንጀቴ አልቻለም፣ ዞሬ መጣሁ።»

ላስቃቸው ብዬ «እኔን ትተውኝ?» አልኳቸው።

እሳቸው አልሳቁም። እንደ አባት አዝነው እጄን ያዙኝ።

«ጠራሁሽ እኮ ልጄ» አሉኝ፣ «‹እርስዎ ይመለሱ፣ በእርስዎ ፋንታ እኔ እዚህ እቀራለሁ› አልሽኝ።»