የኬክ ቤቷ ልጅ ጉበት

«ሰው ከጠየቀሽ ጨጓራ ነው በይ» አለች እናቷ፣ የኬክ ቤቱን መስታወት እየወለወለች። «የሐኪሙን ወሬ እዚህ ቤት እንዳትደግሚው።»

ልጅቷ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ዝምታ ደግሞ ከድሮም አይሆንላትም።

ድካሙና የቀኝ ጎኗ ሕመም ሲበዛባት ነበር ሐኪም ቤት የሄዱት። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ ጉበቷ ላይ ስብ እንደተከማቸ ሲነግራቸው እናቷ ቱግ አለች፤ ልጄ መጠጥ ባፏ ዞሮ አያውቅም ብላ ተቆጣች። ሐኪሙ ግን ከስኳርና ከቅባት ብዛትም ይመጣል አላት። የጉበት ሴሎች ጭነት ሲበዛባቸው ሥራቸውን ቀነስ አድርገው ራሳቸውን ለመጠገን ይታገላሉ፤ ፋታ ካገኙ ይድናሉ፣ ካጡ ግን ይሞቱና ቦታው ጠባሳ ይሆናል ብሎም አስረዳቸው። ልጅቷ «ይድናሉ» የምትለዋን ቃል ይዛ ወጣች።

ግን ፋታ ከየት ይምጣ? እዚህ ቤት የተሰበረ ኬክ አይሸጥም፣ አይጣልምም፤ የቤተሰቡ እራት ነው። እናቷ የለፋችበትን መጣል ግፍ ነው ባይ ናት። ልጅቷ ጥርስ ካበቀለች ጀምሮ ስባሪ ስትበላ ነው ያደገችው። አሁን እምቢ ካለች ሦስት ቀኗ ነው፤ አትክልቷን ራሷ ቀቅላ ትበላለች፣ እናቷም አኩርፋታለች። ታኩርፋ!

ከሰዓት በኋላ የሠፈሩ ልብስ ሰፊ ሴትዮ፣ የቤቱ የዘወትር ደንበኛ፣ ገቡ። እንደ ልማዳቸው ለልጃቸው ሁለት ኬክ አዘዙ። ልጅቷን አየት አድርገው ምነው ገረጣሽ አሏት፤ የእሳቸውም ልጅ ሰሞኑን ደከመኝ፣ ጎኔን አመመኝ እያለች አስቸግራቸዋለች።

እናቷ ቀደም ብላ ጨጓራ ነው፣ ሰሞኑን የማያመው የለም አለቻቸው።

ልጅቷ ደሟ ፈላ። ለራሷ ቢሆን ምናልባት ትዋሽ ነበር። በሌላ ሰው ልጅ ጤና ግን አትዋሽም።

«ጨጓራ አይደለም እትዬ» አለች። «ጉበቴ ላይ ስብ ተከማችቶ ነው፣ ከዚሁ ከኬኩ። የእርስዎ ልጅ ምን እንደሆነች አላውቅም፤ ግን ያስመርምሯት።»

ልብስ ሰፊዋ የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ። እናቷ ከንፈሯን ነክሳ ልጇ ላይ አፈጠጠችባት፤ ማታ ጉድሽ ይፈላል ማለቷ ነው። ይፍላ፣ አለች ልጅቷ በሆዷ።

ከባንኮኒው ላይ እስክሪብቶ አንስታ የሐኪም ቤቱን ስልክ በወረቀት ጻፈችላቸው፤ ቁጥሩን እንዳይሳሳቱት ደግሞ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።