ጋሽ ቁጠር

ይሄ ተረት አይደለም። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። አላምንም ያለ መብቱ ነው፣ አልለምነውም።

ቅዳሜ ነበር። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ ጠዋት። ጨለማ የለ፣ ጭጋግ የለ... ፀሐይዋ የአዳራሹን ቆርቆሮ ታነደዋለች።

እኔ የፓራሹት ዝላይ ማሠልጠኛ ውስጥ አጣፊ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ሳጥፍ ኖሬያለሁ። እኔ ያጠፍኩትን ሌላው አዝሎ ከሰማይ ይዘላል።

ያን ቀን የተሰበሰብነው ዋናውን አሠልጣኛችንን ለማስታወስ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ዘሏል፣ አዘልሏል። የሞተውም ሲዘል ነው... ያን ጊዜ ሦስት ሳምንቱ ነበር።

"ጋሽ ቁጠር" ነበር የምንለው። አንቱታ አይወድም። አንድ ልማድ ነበረው፤ አጥፈህ ስትጨርስ ከኋላህ ይመጣና እጁን ትከሻህ ላይ ጣል አድርጎ በቀስታ "ቁጠር" ይልሃል። የማጠፊያ መሣሪያዎቹ አምስት ናቸው። ጮክ ብለህ ትቆጥራለህ። አምስት ካልሞላ አንዱ ፓራሹቱ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው፤ ሁሉንም ፈትተህ እንደ አዲስ ትጀምራለህ።

አምስተኛዋ ቀይ ጥብጣብ የታሰረባት ፒን ናት። መጠባበቂያው ፓራሹት ሲታጠፍ ክዳኑን ለጊዜው ይዛ ትቆያለች። ሳትነቀል ከቀረች... እጀታውን ብትስብ ብትጎትት ክዳኑ አይከፈትም።

አሁን ወደ አለቃ ተብዬው ልምጣ።

ሥራ አስኪያጃችን በዕድሜው አንዴ የዘለለ ሰው ነው፣ ያንንም ዓይኑን ጨፍኖ። ፎቶውን ግን ግድግዳ አሳክሎ ቢሮው ሰቅሎታል። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። በሆዴ የምለውን እዚህ አልጽፈውም።

አደጋው የደረሰ ቀን ትልልቅ እንግዶች ጋብዞ ነበር። የአውሮፕላኑ ሞተር ተነስቷል። የጋሽ ቁጠርን መጠባበቂያ አጥፌ እንደጨረስኩ አለቃው ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ "ቆጠራውን ተወው፣ ሰው ቆሟል" አለኝ።

ተውኩት።

ጋሽ ቁጠር እየሮጠ መጣና "ቆጥረሃል?" አለኝ።

"ቆጥሬያለሁ" አልኩት።

አመነኝ። አዝሎ ሄደ።

ዋናው ፓራሹት ተጠላለፈበት። መጠባበቂያውን ሳበ...

ሮጠን ቀድመን የደረስነው እኔና አለቃው ነን። ማሳው ቀይ ጭቃ ነበር። የመጠባበቂያው እጀታ በጋሽ ቁጠር ቀኝ እጅ ውስጥ አለ፣ ጭብጥ አድርጎታል። አለቃው ግራ ቀኙን ቃኘ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቆ እጀታውን አወጣና ወደ ቦታው መለሰው። ከዚያ ክዳኑ ላይ የቀረችውን ፒን ነቀለና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታት።

እኔስ? ቆሜ አየሁ። ከእሱ የምሻል እንዳይመስላችሁ።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ ደረሰ። ግቢው በጥቁር መነጽር ተሞልቷል። አንዷ ከሟቹ ፎቶ ጋር ራሷን ታነሳለች፤ አላማረላትም መሰለኝ ደግማ ታነሳለች። አለቃው ማይክ ጨብጦ "ሰማይ ወዳጁን ወሰደ" እያለ ድምፁን ያንቀጠቅጣል። ሰማይ ምን አደረገ! ያንኑ ኮት ለብሷል እኮ፣ ያንኑ። ፒኗን አውጥቶ ለመጣል እንኳ ወኔ ያጣ ሰውዬ።

ጥያቸው ሄድኩ። አዳራሹ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ተማሪዎቹ አበባ ይዘው ሊዘሉ ስለነበር አንድ ፓራሹት ይቀረኝ ነበር። አጥፌ ጨረስኩ።

ትከሻዬ ከበደኝ...

ዞር አልኩ። ማንም የለም። የውጪው ማይክ ድምፅም ጠፍቷል።

ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ። የፓራሹቱ ቦርሳ ማሰሪያ ጫፍ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። እኔ እንዲህ አላደርግም። እንዲህ የሚያደርገው እሱ ብቻ ነበር።

ምን ላድርግ፣ ቆጠርኩ።

አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት...

እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ፒኗ ከሄደች ወዲህ ያሉን አራት ናቸው።

አምስት።

ቀይ ጥብጣብ። ጥብጣቧ ላይ ቀይ ጭቃ አለ። በጣቴ ነካሁት... እርጥብ ነው።

በሩ ተከፈተና አለቃው ወረቀት ይዞ ገባ። አሠልጣኙ መጠባበቂያውን መሳብ ረስቶ ሞተ ይላል ወረቀቱ። የቀረው የአጣፊው ፊርማ ነው። አራት ሰዓት ላይ በሰው ሁሉ ፊት ሊያነበው ነው። እኔ ከፈረምኩ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ቁጠር ሲል የኖረ ሰው ረስቶ የሞተ ሆኖ ይቀራል።

"ፈርም።"

"አልረሳም እኮ።"

"ቀስ ብለህ አውራ... ሚስቱ በር ላይ ናት። ፈርምና እንገላገል።"

እውነትም በር ላይ ነበረች። እትዬ ነው የምላት፤ ብዙ ቀን ምሳ አብልታኛለች። ገባች። አለቃውን አላየችውም፣ እኔን ብቻ።

"ልጆቹ አባታችን ረስቶ ነው ወይ ይሉኛል። ምን ልበላቸው?" አለችኝ።

ፈራሁ፣ አልዋሻችሁም። ትከሻዬ ላይ ያለው ክብደት ግን አልወረደም።

"አልረሳም፣ እትዬ" አልኩ። "ስቧል። ሳልቆጥር ቆጥሬያለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ፒኗን የደበቁት ደግሞ እሳቸው ናቸው።"

ያን ጊዜ ትከሻዬ ቀለለኝ።

አለቃው ሳቀ። ዓይኑን በጨው ያጠበ! "የቷ ፒን?" እያለ እጁን ኪሱ ከተተ።

እጁ እዚያው ቀረ። ሳቁም።

ኪሱን ገለበጠው። ባዶ ነው። እርጥብ ጭቃ ብቻ ወለሉ ላይ ጠብ አለ።

"ማነው..." አለ። አልጨረሰውም።

የኮቱ ቀኝ ትከሻ ዝቅ አለ። ቀስ ብሎ... ጨርቁ ተጫነ። አንድ ቦታ... ሁለት... ሦስት... አራት... መጨረሻ ላይ አውራ ጣት።

እትዬም አየችው። አልጮኸችም። አፏን በነጠላዋ ያዘችና በሹክሹክታ "እጁ ነው" አለች።

አለቃው ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። መቁጠር ጀመረ። "አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት..." ቆመ። እንደገና ከአንድ ጀመረ። እኔ አምስቱንም አያለሁ፣ እትዬም ታያለች። እሱ አራት ላይ ይቆማል።

ወረቀቱን ለሁለት ቀደድኩት። ወጥቼ ሁሉንም በማይኩ ተናገርኩ፣ የራሴንም ሳልደብቅ። መነጽሮቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ለእነሱ አልነበረም የተናገርኩት።

ስመለስ አለቃው የለም። በኋለኛው በር ወጥቶ ሄዷል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ አልገባም። ኮቱን ጥሎት ነው የሄደው። ጥበቃው አንስቶ ቢሮው በር ጀርባ ሰቀለው።

አሁንም እዚያው ነው። የሚነካው የለም።

ቀኝ ትከሻው ዝቅ እንዳለ ነው...